የጀዊሪያ ሱጁድ

እህቴ ጀዊሪያ ከአዲስ አበባ ስትመለስ ረዝማ መጣች። ሚኒባሱ ቆቦ መናኸሪያ ገብቶ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ አባቴ ኸይረዲን ወረደ፤ ቀጥላ እናቴ ሀሊሜ ወረደች። ከዚያ አንዲት ቀጥ ያለች ልጅ እግሯን ቀስ አድርጋ መሬት አስነካችና የበሩን ብረት ይዛ ቆመች። እኔ ግን ከእሷ ኋላ የምትወርደውን፣ ትከሻዋ የተንጋደደውን እህቴን ለማየት አንገቴን አሰገግኩ።

"ራቢዓ፣ አላወቅሽኝም እንዴ?" አለችኝ ቀጥ ያለችዋ ልጅ።

ድምፁ የጀዊሪያ ነው። ፊቱም የጀዊሪያ ነው፤ ከስቷል እንጂ። እጄን ይዛኝ የነበረችው ጎረቤታችን እትዬ አስረሳሽ መናኸሪያውን በእልልታ አናወጠችው። እኔ ግን ቀሚሷ ውስጥ ተደበቅሁ። እህቴን ወስደው ሌላ ሰው አምጥተውልናል የሚል ፍርሃት ያዘኝ።

ያኔ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እሷ አሥራ ስድስት። ጀርባዋ መጣመም የጀመረው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስለሆነ፣ ለእኔ ጀዊሪያ ማለት ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ከፍ ያለ፣ ከጀርባዋ አንድ ወገን ጎድኗ ወጣ ያለ ልጅ ማለት ነበረች። የትምህርት ቤት ልጆች "ግመሌ" ይሏት ነበር። ከአፋር በኩል የሚመጡት ግመሎች በገበያ ቀን በደጃችን ሲያልፉ፣ ያ ስድብ ትዝ ስለሚላት ወደ ቤት ትገባለች። ዓመት በዓመት መጣመሙ እየባሰ፣ ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ እየተቆረጠ መጣ። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ፣ አከርካሪ የሚያቃኑ ሐኪሞች መኖራቸውን ስትነግረን አባቴ አልፈለገም ነበር። እናቴ ናት አልቅሳ፣ ለምና፣ ተቆጥታ ያሳመነችው።

ጀርባዋን በሁለት ቀጫጭን ብረት ደግፈው አቃኑት። ይህን ለጠያቂዎች ሁሉ የምትናገረው እናቴ ነበረች፤ ደስታዋ ከድምፅዋ ላይ ይፈስ ነበር። ብረቱ እዚያው ውስጥ እንደሚኖር፣ እንደማይወጣ ስትናገር እኔ ጥግ ተቀምጬ እሰማለሁ። ሐኪሞቹ ያዘዙትንም ታስረዳለች፦ ከባድ አታንሳ፣ አትጠማዘዝ፣ አታጎንብስ። ሶላቷንም እስኪጠና ድረስ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትስገድ። ለዚህ ብላ እናቴ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ገዛችላት።

በግ ታረደ። ጠያቂ ሲወጣ ሲገባ ሰነበተ። ጀዊሪያ መስታወት ፊት ቆማ ቀሚሷ አጭር እንደሆነባት ስታይ ትስቅ ነበር። እኔም ቀስ በቀስ ለመድኳትና አጠገቧ መተኛት ጀመርኩ።

ከዚያ ማስመለሱ መጣ።

መጀመሪያ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የመንገዱ ድካም ነው፣ የመድኃኒቱ ነው፣ የቆላው ሙቀት ነው ተባለ። ነገር ግን አልተወም። ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደበላች ማኘኳን ታቆምና እጇን ከደረቷ ሥር ታሳርፋለች። ከንፈሯ ይደርቃል፤ ግንባሯ ላይ ላብ ይወጣል። ትንሽ ትታገላለች፣ ከዚያ በልታው የነበረውን ሁሉ ታወጣዋለች። እያደር ምግብ ሳይሆን አረንጓዴ ውኃ ማውጣት ጀመረች። ሣህኑን የምደፋው እኔ ነበርኩ። አረንጓዴው፣ ከመስኖ ጉድጓዱ አጠገብ በወደቀው አሮጌ የብረት በርሜል ውስጥ የሚጠራቀመውን ውኃ ይመስላል። እንግዲህ ነገሩ ገባኝ ብዬ አሰብኩ፦ እህቴ ውስጥ ያለው ብረት እየዛገ ነው።

ለማን ልናገር? እናቴ በዚያ ብረት ትኮራለች። ደግሞ አይወጣም ብላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀዊሪያ ውኃ ስትጠጣ ባየሁ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደዋጠች እቆጥር ነበር። ብረት የሚዛገው በውኃ አይደል? አንድ ቀን ብርጭቆውን ከእጇ ቀማሁና ደጅ ደፋሁት። እናቴ አብዳለች ብላ ነው መሰለኝ ሳትቆጣኝ ሌላ ውኃ ቀዳች፤ መቆጣትም ጉልበት ይፈልጋል።

አንድ ቀትር ላይ ነው ያየኋት። ምሳ ተበልቷል። ሙቀቱ ጣሪያውን ሲያጋየው ቆርቆሮው ቋ፣ ቋ ይላል። እናቴ ደጅ ዛፍ ሥር ጋደም ብላለች፤ አባቴ ማሽላው ማሳ ላይ ነው። ጀዊሪያ ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። በስንጥቁ አጮለቅሁ። ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ፣ ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰብስባ፣ ግንባሯን መሬት አስነክታለች። ሱጁድ ላይ ናት። የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሰግዳ መጨረሷን አይቻለሁ። የማታው ቀድሞ የሚሰገደው የአስር ሶላት ገና ነው። ታዲያ ይህ የምን ሶላት ነው? ብጠብቃት፣ ብጠብቃት አትነሳም። ትከሻዋ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል።

በሩ ሲጢጥ ሲል ራሷን ቀና ሳታደርግ፣ "ማነው?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

"ዝጊው በሩን። ራቢዓ፣ በአላህ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። አታጎንብሺ ተብያለሁ፤ እማ ካየችኝ ታብዳለች።"

"ምን ብለሽ ነው የምትለምኚው?"

ከዚያ ድምፅዋ ከምንጣፉ ላይ መጣ። "እንዲተወኝ።"

የሚተዋት ብረቱ ነው ብዬ አሰብኩ። እህቴ እንደ ድሮዋ ልትሆን እየለመነች ነው፤ እናቴን ላለማስከፋት ደግሞ ተደብቃ። አጠገቧ ተንበርክኬ እኔም ግንባሬን መሬት ላይ አደረግሁ። "ያ አላህ፣ ብረቱን አውጣላት" አልኩ በሹክሹክታ። ከዚያ ቀን ወዲያ በበላች ቁጥር ጓዳ ስትገባ እኔ በር ላይ ዘብ እቆማለሁ፤ ሰው ከሌለ አብሬያት እደፋለሁ።

ካደግን በኋላ ስጠይቃት ጀዊሪያ ሳቀች። "አንዲት ቃል አልለመንኩም" አለችኝ። "ለመለመንም ልቤ አልነበረ። ሌሊት ስገላበጥ ነው ያገኘሁት። በጀርባዬ ስተኛ ይገድለኛል፤ እንደዚያ ስደፋ ግን የያዘኝ ነገር ይለቀኛል። መተንፈስ ነበር የምፈልገው፣ ሌላ ምንም።"

ያኔ ግን ይህን አላውቅም ነበር። የማውቀው ሶላቷ እየረዘመ፣ ሰውነቷ እያጠረ መሄዱን ነው። ማጠር ያልኩት መክሳቷን ነው። ጉንጯ ጎደጎደ። የእጇ አምባር ወደ ክርኗ መውጣት ጀመረ። እናቴ አጥሚት ትሠራለች፣ እርጎ ታመጣለች፣ የዶሮ ሾርባ ታቀርባለች፤ ሁሉም ይመለሳል።

"ቅመሽ፣ ሆዴ። ለእኔ ብለሽ።"

"እማ፣ አልችልም።"

"አንድ ማንኪያ ብቻ።"

ትቀምስላታለች። ከዚያ እናቴ ሣህኑን ይዛ አጠገቧ ቁጭ ትላለች፤ ሁለቱም የሚመጣውን ይጠብቃሉ።

አንድ ማታ በረቱ አጠገብ አባቴና እናቴ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲናገርም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። "እንደ ነበረች ብትኖር ምን ነበረበት?" አለ። "ትስቅ ነበር። ትበላ ነበር።"

"ትንፋሿ ሲቆረጥ አላየህም?"

"አየሁ። አሁን ደግሞ ይህን አያለሁ።"

እናቴ ፍየሎቹ መካከል ገብታ የታሰረውን ገመድ እየፈታች መልሳ ስታስር ቆየች።

በማግስቱ እትዬ አስረሳሽ መጣች። እናቴን ከቤቱ ጥግ ወሰደቻትና በጆሮዋ ትነግራት ጀመር። የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው። "ሀሊሜ፣ እህቴ፣ አትቀየሚኝ... አዲስ አበባ ሰው ቤት ስትቀመጥ... ሰው አፉን እየከፈተ ነው... ሽንቷን አስመርምሪያትና ይለይ።" እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ፊቷ አመድ መሰለ።

ክሊኒክ ሄድን። ጀዊሪያን ትንሽ ብልቃጥ ይዛ ወደ ሽንት ቤት ላኳት። ዝገቱን ሊያዩ ነው አልኩ በልቤ፤ በመጨረሻ ነቅተዋል። ውጤቱ እስኪመጣ እናቴ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ ጀዊሪያ ደግሞ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ ስታይ ነበር። ብረቱ ካቃናት በላይ ቀጥ ብላ። ነጭ ጋውን የለበሰችው ልጅ ወጥታ ለእናቴ ጠጋ አለችና "የለም" አለቻት። እናቴ "አልሃምዱሊላህ" ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔም ዝገት ስለሌለ ደስ አለኝ። ጨጓራ ነው ተብሎ ኪኒን ተሰጥቶን ወጣን።

ያ ብልቃጥ ምን እንደነበር የገባኝ ካገባሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ተመሳሳይ ብልቃጥ ይዤ ከሽንት ቤት ስወጣ መተላለፊያው ላይ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። እህቴ ያን ቀን ምን እንደተጠረጠረች፣ ማን እንደጠረጠራት ታውቅ ነበር። ግድግዳውን የምታየው ለዚህ ነበር። እስከ ዛሬ አንስታው አታውቅም፤ እኔም አላነሳሁባትም።

ኪኒኑ ምንም አልሠራም። ጀዊሪያ ውኃም አልቆይ አላት። አንድ ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ በግድግዳው ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ግን አታየንም። አባቴ ጎንበስ ብሎ ሊያነሳት እጁን ዘረጋ፣ ያ ብረት እንዳይሰበር ፈርቶ መልሶ ሰበሰበው፣ እንደገና ዘረጋ። የት ይዞ እንደሚያነሳት የጠፋው አባት እንደዚያ ቀን አላየሁም።

"ወልድያ" አለ። "አሁኑኑ።"

እትዬ አስረሳሽ ሮቢት ለቅሶ ሄዳ ስለነበር እኔን የሚይዘኝ ሰው አልተገኘም። በባጃጅ መናኸሪያ ደረስን፤ በሚኒባስ ወልድያ ገባን። የተቀበለን ሐኪም ዶክተር አላምረው ይባላል፤ ቀጭን፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ወጣት። ክንዷ ላይ ግሉኮስ ካስገባላት በኋላ የጀርባዋን ጠባሳ አየ፣ ሆዷን ዳበሰ፣ ጥያቄውን ጀመረ። ምን ስትበይ ነው? ሁሉንም። ቀለሙስ? አረንጓዴ። ያመሻል? አዎ፣ ከዚህ ሥር።

"የሚያስታግስልሽ ነገርስ አለ?"

ጀዊሪያ አባቷን አየች፣ እናቷን አየች። "ምንም" አለች።

ጆሮዬ ጋለ። ለማንም እንዳትናገሪ ተብያለሁ፤ በአላህ ተብያለሁ። ግን አልጋው ላይ የተኛችው እህቴ ከአንሶላው ብዙም የማትለይ ሆናለች። የማስመለሻው ሣህን ጎኗ አለ። ልትሞት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሞት የሚለውን ቃል ስለ እሷ ሳስብ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ስትሰግድ ይሻላታል!" አልኩ። ድምፄ ክፍሉን ሞላው።

"ዝም በይ አንቺ!" አለች እናቴ።

"ወንበር ላይ አይደለም እንዴ የምትሰግደው?" አለ አባቴ።

"አይደለም። በበላች ቁጥር ጓዳ ገብታ ሱጁድ ታደርጋለች። እንዲተዋት ነው የምትለምነው።"

ዶክተሩ ይጽፍበት የነበረውን እስክሪብቶ ዝቅ አደረገ። ጀዊሪያን ሳይሆን እኔን ነው ያየው። "እስቲ እንዴት እንደምትሆን አሳይኝ።"

ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። ጉልበቴን ወደ ደረቴ ሰብስቤ ግንባሬን አስደገፍኩ። ሲሚንቶው የበረኪና ሽታ ነበረው።

"እንዲህ ነው፣ ጀዊሪያ?" አለ ዶክተሩ።

እህቴ ማልቀስ ጀመረች። "አዎ። ሐኪሞቹ ከልክለውኛል፣ አውቃለሁ። ግን እንደዚያ ካልሆንኩ ይገድለኛል። እንደዚያ ስሆን የቆመው ነገር ወደ ታች ሲወርድ ይሰማኛል።"

"ማንም አይቆጣሽም" አለ ዶክተሩ። ከአንገቱ የልብ ማዳመጫውን አውርዶ ለሁለት የተከፈለውን ቱቦ ወደ ታች አንጠለጠለ፤ በሁለቱ መካከል ጣቱን አስገባ። ንግግሩ ለአባቴ ነበር። "ይኸውልዎ፣ ይህ ጣቴ አንጀቷ ነው እንበል። በሁለት ትልልቅ የደም ሥሮች መካከል ነው የሚያልፈው። መካከሉ ላይ ትንሽ ስብ አለ፤ እንደ ትራስ ሆኖ ሥሮቹን ያራርቃቸዋል። ጀርባዋ ሲቃና ቁመቷ በአንድ ጊዜ ጨመረ፤ ሥሩ ተወጠረ። ቀድሞም ቀጭን ናት፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደግሞ ከሳች፤ ትራሱ አለቀ።" ሁለቱን ቱቦዎች አጥብቆ ጣቱ ላይ ጨመቃቸው። "አንጀቷን ቆንጥጠው ይዘውታል። ስትደፋ ነው ላላ የሚልላት። እርግጠኛ ለመሆን በራጅ መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም፤ እኔም ያነበብኩት እንጂ ያየሁት አይደለም።"

"ብረቱ ነው?" አለች እናቴ። ይህን ስትጠይቅ ድምፅዋ አልወጣላትም።

"ብረቱ ምንም አልሆነም። ጀርባዋ ደህና ነው።"

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ እኔ በመናገሬ ዶክተሩ የእህቴን አንጀት በቱቦው ጨመቀው። ያኔውኑ ስልክ አንስቶ አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ካደረገላት ሐኪም ጋር ተነጋገረ፤ ወዲያው ወደ ደሴ እንድንሄድ አዘዘ። አምቡላንሱ ውስጥ ጀዊሪያ በግራ ጎኗ ጉልበቷን ሰብስባ ተኝታለች፤ እኔ ወደ እሷ ማየት አቅቶኛል። ከእግሯ በታች ተቀምጬ ነበር። በመሐል ጣቷን ዘርግታ ጉልበቴን ነካች። እንደ ቁጣ ቆጠርኩት።

ደሴ ያለው ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ነጭ ነገር አጠጥተው ራጅ አነሷት። አባቴ ፊልሙን በመብራቱ ላይ አይቶታል። በኋላ ለእናቴ ሲነግራት፣ "ያጠጧት ነገር ጎርፍ መጥቶ ግድብ ላይ እንደሚቆም ሆኖ ቆሟል" አላት። በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ በመሣሪያ እየመሩ፣ ከተቆነጠጠው ቦታ አሳልፈው አወረዱት። በዚያ በኩል የሚመግቧት ወተት የመሰለ ነገር ነበር። ትንሽ ትንሽ፣ ቀኑን ሙሉ። ክብደት ከጨመረች ያ ትራስ ተመልሶ አንጀቷን ያስለቅቀዋል አሉ።

"ካልሆነስ?" አለ አባቴ።

"ካልሆነ እንከፍታታለን።"

ይህን ቃል ስሰማ ብረቱን ሊያወጡት ነው አልኩ። ለዚያ ነበር ስጸልይ የከረምኩት፤ አሁን ግን አልፈለግሁም። በዚያ ትልቅ ሕንፃ መተላለፊያ ላይ ቆሜ፣ "ይቅር፣ ይቅር፣ አታውጣው" እያልኩ የለመንኩትን ሁሉ መልሼ ስለምን ከረምኩ። አላህ የቱን እንደሚሰማ እንዴት ያውቃል እያልኩ እጨነቃለሁ። እናቴ ሌሎች አስታማሚዎች መካከል ወለሉ ላይ ተኝታ፣ ሲነጋ ተነስታ መጀመሪያ የምታየው የጀዊሪያን አንገት ነበር። አጥንቱ ትናንት ከነበረው ሸሸግ ብሎ እንደሆነ። አንዳንድ ቀን ሸሸግ ያለ ይመስላታል፤ አንዳንድ ቀን ራሷን ታታልላለች።

አባቴ እህሉን ለአጎቴ አደራ ሰጥቶ እዚያው ከረመ። አንድ ከሰዓት፣ ጀዊሪያ እንቅልፍ ወስዷት፣ እናቴ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ ሳለ ድንገት፣ "እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያስቀደድኳት" አለች። አባቴ አጠገቧ ቁጭ አለ። በሰው ፊት ሚስቱን ነክቶ የማያውቀው ሰው የሻሿን ጫፍ ይዞ ዓይኗን ጠረገላት።

"ሀሊሜ" አለ። "ትናንት ወደ መስኮቱ ስትራመድ አየኋት። ትንፋሿ አልተቆረጠም። ደግመው ቢጠይቁን እሺ የምለው እኔ ነኝ።"

እናቴ ቀና ብላ አላየችውም። ሻሿን ግን ከእጁ አላስለቀቀችም።

ከሳምንታት በኋላ በአፏ ውኃ ቀመሰች፤ ቆየላት። ሾርባ ቀመሰች፤ ቆየላት። ቱቦውን አወጡት። ሐኪሙ ሲያሰናብተን፣ ምግቡ ትንሽ ትንሽ ይሁን፣ ከተመለሰባት ግን አንድ ቀን እንዳታሳድሯት፣ ይዛችኋት ኑ አለን። እናቴ ከሰማችው ሁሉ "ከተመለሰባት" የሚለውን ይዛ ወጣች።

በሚኒባስ ወደ ቆቦ ስንመለስ ጎብዬ ላይ መኪናው ቆመ። ጀዊሪያ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ግማሽ እንጀራ በሽሮ በላች። ከሆስፒታል ውጭ የበላችው የመጀመሪያው ምግብ ነው። ቀስ ብላ አኝካ ጨረሰችውና እጇን ታጥባ ወደ መኪናው ገባች።

ከዚያ መንገዱ ረዘመ። እናቴ ጥቁር ፌስታል በሁለት እጇ ከፍታ ይዛ ጀዊሪያን ብቻ ታያለች። አባቴ ከፊት ወንበር ዞሮ ያያታል። እኔ አጠገቧ ሆኜ የደረቷን ከፍ ዝቅ ማለት እከተላለሁ። ሮቢት ደረስን። ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። አዲስ የገቡት ሽማግሌ ሁላችንንም ተራ በተራ አይተው፣ "ምነው፣ ልጅቱ ምን ትሆናለች ብላችሁ ነው?" አሉ። በግራና በቀኝ የማሽላው ማሳ ያልፋል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ በሙቀቱ ይንቀጠቀጣል። ጀዊሪያ ዓይኗን ጨፍናለች። እጇ ከደረቷ ሥር አረፈ። ያንን እጅ ሁላችንም እናውቀዋለን። የእናቴ ፌስታል መንኮሻኮሽ ጀመረ።

"እማ" አለች ጀዊሪያ ዓይኗን ሳትገልጥ።

እናቴ ፌስታሉን አፏ ሥር አደረገችላት። "አብሽሪ፣ ልጄ። አብሽሪ። አለሁ።"

"ራበኝ።"

እናቴ አልሰማችም፤ ወይም ሰምታ አላመነችም። ፌስታሉን እንደ ዘረጋች ቀረች። አባቴ ግን፣ ያ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጭንቅላቱ ጣሪያውን መታ። በዙሪያችን ከማሽላና መንገድ ዳር ማንጎ ከደረደረች አንዲት ሴት በቀር ምንም አልነበረም።

"ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸ። "ሹፌር፣ ወራጅ አለ!"